መምህር የማያየው አቋቋም፦ ዮጋ በአሜሪካ ከፖስታ እስከ ስልክ

ቤድፎርድ በዳላስና በፎርት ዎርዝ መካከል፣ ከታላቁ አውሮፕላን ማረፊያ በስተምዕራብ የምትገኝ፣ 50 ሺህ ያህል ነዋሪ ያላት ከተማ ናት። ኑሮዋ እንደ አካባቢው ከተሞች ሁሉ በመኪና ላይ የተመሠረተ ነው። ሌሊቱን በሆስፒታል፣ በመጋዘን ወይም በማረፊያው ሲሠራ ያደረ ኢትዮጵያዊ ንጋት ላይ ቤቱ ሲገባ ወገቡን የሚያሳርፍለት ነገር ይሻል። በዚያ ሰዓት ወደ ዮጋ ማስተማሪያ አዳራሽ ለመሄድ አቅሙም ጊዜውም የለውም። ስልኩን ግድግዳ አስደግፎ፣ ምንጣፍ ዘርግቶ፣ የማያውቃት ሴት በማያ ገጹ ላይ የምታደርገውን መከተል ይጀምራል። ይህ አጀማመር የዘመናችን ፈጠራ ይመስላል፤ አይደለም። ዮጋ በአሜሪካ በብዙኃኑ ዘንድ የተስፋፋው ከጥንቱም መምህሩ ተማሪውን በማያይበት መንገድ ነው። ለዚህ ከበቁት ምክንያቶች አንዱ ደግሞ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው።

ስዋሚ ቪቬካናንዳ እ.ኤ.አ. በ1893 በቺካጎው የሃይማኖቶች ጉባኤ ላይ ተናግሮ ሲደነቅ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዮጋን ያቀረበው የአእምሮ ሥርዓት አድርጎ ነበር። በ1896 የወጣው «ራጃ ዮጋ» የተባለው መጽሐፉም ለአካል እንቅስቃሴው እምብዛም ግምት አልሰጠውም። ከእርሱ በኋላ ብዙ መምህራን ሊከተሉት ይችሉ ነበር፤ በሩ ግን ተዘጋ። የ1917ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ሕንድን ጨምሮ የአብዛኛውን እስያ ሕዝብ ከለከለ። በ1923 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በባጋት ሲንግ ቲንድ ጉዳይ ሕንዳውያን ዜግነት ሊያገኙ እንደማይችሉ ፈረደ። የ1924ቱ ሕግ ደግሞ የቀረውን ቀዳዳ ደፈነ።

ሕጉ ለሃይማኖት ሰዎች ጠባብ በር ትቶ ስለነበር ፓራማሃንሳ ዮጋናንዳ በ1920 ለአንድ የሃይማኖት ጉባኤ ቦስተን ገባ። በ1925 በሎስ አንጀለስ ማዕከሉን አቋቋመ። አንድ ሰው አህጉር ለሚያህል አገር መምህር ሊሆን አይችልምና ትምህርቱ በጽሑፍ ተዘጋጅቶ በፖስታ ይላክ ጀመር። ተመዝጋቢው ትምህርቱን በየተራ እየተቀበለ በቤቱ ይለማመዳል። ዮጋናንዳ ራሱ የአሜሪካ ዜግነት ያገኘው በ1949 ነው፤ ለሕንዳውያን ዜግነትን የፈቀደው ሕግ ከወጣ ከ3 ዓመት በኋላ። ሰውን የከለከለው ድንበር ወረቀትን አልከለከለም ነበር።

ወረቀት ግን ማን እንደጻፈው አይናገርም። ዮጋናንዳ ከመምጣቱ 16 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1904፣ «ሃታ ዮጋ» የተባለ መጽሐፍ ከቺካጎ ወጥቶ ነበር፤ ደራሲው ዮጊ ራማቻራካ ይባላል። የዚህ ዮጊ እውነተኛ ስም ዊሊያም ዎከር አትኪንሰን ነው፤ በባልቲሞር የተወለደ አሜሪካዊ ጠበቃ። ትምህርቶቹን መጀመሪያ በየወሩ እያሳተመ ይሸጥ ነበር። በቴክሳስ ገጠር ተቀምጦ መጽሐፉን ላዘዘ ሰው መምህሩ ከጋንጀስ ዳር ይሁን ከሚቺጋን ሐይቅ ዳር መለየት የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። ዛሬ የማያ ገጽ ትምህርት «ማን እንደሚያስተምር አይታወቅም» ተብሎ የሚወቀስ ከሆነ፣ ወቀሳው ከስልኩ በፊት የተወለደ ነው።

ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥን መጣ። በ1961 ሪቻርድ ሂትልማን በሎስ አንጀለስ ቴሌቪዥን ዮጋን ለጤና ያስተምር ጀመር። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ሊሊያስ ፎላን ከሲንሲናቲ በተሠራጨው መርሐ ግብሯ ለብዙ አሜሪካውያን የመጀመሪያዋ መምህር ሆነች። ተማሪው አሁን የመምህሩን አካል ማየት ቻለ። መምህሩ ግን የተማሪውን አላየም። በ2012 አድሪን ሚሽለር ከዚያው ከቴክሳስ፣ ከኦስቲን፣ በዩቲዩብ ማስተማር ጀመረች፤ ተከታዮቿ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። ዋጋው ወደ ነጻ ወረደ፣ ሰዓቱም በተማሪው ምርጫ ሆነ። የእይታው አቅጣጫ ግን እንደ ሂትልማን ዘመን አንድ ብቻ ነው።

የጎደለው ምን እንደሆነ ከኢትዮጵያ ወገን ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። አሳና በሳንስክሪት አቀማመጥ ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ደግሞ አቋቋም የተባለ ሙያ አለ፤ ዜማውን ከመቋሚያ፣ ከጸናጽልና ከከበሮ ጋር አዋሕዶ በአካል መፈጸም። በጎንደር በአታ ለማርያም አቋቋም የሚማር ደቀ መዝሙር ዝማሜውን ከመጽሐፍ አያገኘውም። የኔታ ፊት ቆሞ፣ ሲሳሳት እየታረመ፣ ታርሞ እንደገና እየቆመ ይለምደዋል። መጨረሻውም ማስመስከር ነው፤ ያየው መምህር «ይህ ሰው አውቋል» ብሎ ይመሰክርለታል። በማይሶር ቤተ መንግሥት ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያስተማረው፣ የዛሬው የአካል ዮጋ ታላቅ አባት የሚባለው ክሪሽናማቻርያም ከዚህ እምብዛም አይርቅም፤ ልምምዱን በተማሪው ዕድሜና አቅም መጠን ይሰጥ ነበር። ሁለቱ ባህሎች በሃይማኖት የትና የት ናቸው፤ የመምህሩ ዓይን የትምህርቱ አካል መሆኑ ላይ ግን ይስማማሉ።

ዓይኑ ሲቀር የሚደርሰው ጉዳት ተራ ነው፣ ስለዚህም ይዘነጋል። ለረጅም ሰዓት የተቀመጠ ሾፌር የጭኑ የኋላ ጅማት ያጥራል። «ጎንበስ በል» ሲባል ከዳሌው መታጠፍ ስለማይችል ወገቡን ያጎብጣል፤ ጣቱ መሬት በነካ ጊዜም የተሳካለት ይመስለዋል። መምህር ቢኖር ጉልበቱን ትንሽ እንዲያጥፍ ይነግረው ነበር። ግላኮማ ያለበት ሰው ጭንቅላቱን ቁልቁል በሚያደርግ አቋቋም የዓይኑ ግፊት ይጨምራል፤ የተቀዳ ቪዲዮ ይህን አይጠይቀውም። ለጀማሪ የሚበጁት ጥቂት ነገሮች ናቸው፦ ቀጥ ብሎ መቆም፣ በጉልበትና በእጅ ተደግፎ ጀርባን ማንሣትና ማውረድ፣ በአፍንጫ በዝግታ መተንፈስ፣ በመጨረሻም በጀርባ ተንጋልሎ ማረፍ። እነዚህ ከማያ ገጽ ቢለመዱ አደጋቸው አነስተኛ ነው። ችግሩ ተማሪው ከእነዚህ መቼ እንደሚያልፍ የሚነግረው አለመኖሩ ነው።

ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ግን ከወገቡ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ የሚሰገደው ለማን ነው? አካልን ማጎንበስ በኦርቶዶክሱ ስግደትም በሙስሊሙ ሱጁድም የአምልኮ ቋንቋ ስለሆነ፣ «ለፀሐይ ሰላምታ» የሚል ስም ያለው ተከታታይ እንቅስቃሴ ያለ ጥያቄ አያልፍም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በኢትዮጵያ ያስተማሩት በርካታ ሕንዳውያን ሒሳብና ሳይንስ እንጂ ዮጋ አላስተማሩም፤ የዚያ ዘመን ተማሪ ሕንድን የሚያስታውሳት በጥቁር ሰሌዳው ነው። ታሪኩ ሁለቱንም ወገን ያስቸግራል። የፓታንጃሊ ጥንታዊ ጽሑፍ ከ200 ያነሱ አጫጭር አንቀጾች ሲኖሩት ስለ አሳና የሚናገሩት 3ቱ ብቻ ናቸው፤ ግቡ ግን ፍጹም መንፈሳዊ ነው። ለፀሐይ የሚደረገውን ሰላምታ በ1920ዎቹ እንደ ጤና ስፖርት ያስፋፋው ደግሞ የኦንድ ገዥ ነበር። ስለዚህ «ስፖርት ብቻ ነው» የሚለውም፣ «እያንዳንዱ አቋቋም ጥንታዊ አምልኮ ነው» የሚለውም ከማስረጃው በላይ ይናገራል።

የአሜሪካ ግዛቶች ይህን ጥያቄ በየራሳቸው መልሰውታል። አላባማ በ1993 ዮጋን ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከለከለች፤ በ2021 ስትፈቅድ እንቅስቃሴዎቹ በእንግሊዝኛ ስም ብቻ እንዲጠሩ፣ ማንትራና «ናማስቴ» እንዲቀሩ ደነገገች። በካሊፎርኒያ ኤንሲኒታስ ወላጆች የትምህርት ቤቱን አስተዳደር ከሰሱ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2015 ትምህርቱ ሃይማኖትን ማቋቋም አይደለም አለ። አስተዳደሩ ቀድሞ የሳንስክሪት ስሞቹን አስወግዶ ነበር። ስም መለወጥ ግን ትርጉምን ይለውጣል ወይ? የአላባማ ሕግ አውጪዎች እንደሚለውጥ አምነዋል። በዚህ ነጥብ የሃይማኖት አባቶችን ማሳመን ከሕግ አውጪዎች የከበደ ሳይሆን አይቀርም። ዮጋ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው ከገዳ ሥርዓት ጋር በአንድ ጉባኤ፣ በ2016፣ በአዲስ አበባ መሆኑም መታወስ አለበት፤ ዓለም ስለ ዮጋ «ባህል ነው» ያለው እዚያው ከተማ ነበር።

ቴክሳስ ጥያቄውን በሃይማኖት ሳይሆን በሙያ ፈቃድ በኩል ነው ያየችው። የግዛቱ የሥራ ኮሚሽን የዮጋ መምህራን ማሠልጠኛዎች እንደ ሙያ ትምህርት ቤት ፈቃድ እንዲያወጡ ሲጠይቅ ባለቤቶቹ ተቃወሙ፤ በ2011 ሕግ አውጪው ከግዴታው ነጻ አደረጋቸው። ውሳኔው ለአነስተኛ ነጋዴዎች ምክንያታዊ ነበር። ያስከተለው ግን ይታያል። ብዙዎች የሚያሳዩት ማስረጃ በ1999 የተቋቋመው ዮጋ አሊያንስ የተባለ የግል ማኅበር መዝገብ ነው፤ መለኪያው የ200 ሰዓት ሥልጠና ነው። ሰዓት ይቆጠራል፣ በበአታ ዓይነት ግን አይመሰከርም። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ የመምህራኑ ሥልጠና ራሱ በማያ ገጽ እንዲሰጥ ተፈቀደ፤ ተማሪውን የማያየው መምህርም ያልታየ ተማሪ የነበረ ሊሆን ቻለ።

ያው ዓመት ግን አንድ ያልተጠበቀ ነገር አመጣ። የቀጥታ ስብሰባ መተግበሪያዎች እይታውን በሁለት አቅጣጫ አደረጉት፤ ተማሪው ካሜራውን በጎኑ ካስቀመጠ መምህሩ ወገቡ ሲጎብጥ ያያል፣ ስሙን ጠርቶም ያርመዋል። እንዲህ ያለው ትምህርት ከተቀዳው ቪዲዮ ይወደዳል፤ ጥቂት ተማሪዎች ብቻ ሲኖሩበትም ነው የሚሠራው። በክረምቱ ወራት ቤድፎርድ ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲሆን ማይሶር ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ነው። የ1917ቱ ሕግ በድንበር ያስቀረው መምህር ዛሬ ያለ ቪዛ፣ ከማንኛውም ግዛት ፈቃድ ሳይጠየቅ፣ ከሌሊት ሥራ የተመለሰውን ሰው ጉልበቱን ትንሽ እንዲያጥፍ ሊነግረው ይችላል።