ማድሪድን ማን ቆረቆራት?



ማድሪድ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ኳስ ነው። ማልያውን ለብሶ ለጁምዓ የሚመጣ ወጣትም አይጠፋም። ከተማዋን ማን እንደቆረቆራት ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእ.ኤ.አ. 852 እስከ 886 አንደሉስን ከቁርጡባ ያስተዳደሩት የኡመያው አሚር ሙሐመድ ቀዳማዊ ከማንዛናሬስ ወንዝ በላይ ባለ ኮረብታ ላይ ምሽግ አሠሩ። የሰሜን ነገሥታት ወደ ጡለይጡላ (ቶሌዶ) እንዳያልፉ የሚጠብቅ ነበር። በዙሪያው የበቀለችው ከተማ መጅሪጥ ተባለች። ብዙ የታሪክ ሰዎች ስሙን “መጅራ” ከሚለው የዐረብኛ ቃል ጋር ያያይዙታል፤ የውኃ መውረጃ ቦይ ማለት ነው።

ዛሬ ጎብኚ ሁሉ የሚጎርፍበት የንጉሡ ቤተ መንግሥት ያለው በዚሁ ኮረብታ ላይ ነው። በቦታው የነበረው አሮጌ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1734 ተቃጠለ፤ በምትኩ ከ3,000 በላይ ክፍሎች ያሉት ይኸኛው ተሠራ። ፊት ለፊቱ የአልሙዴና ካቴድራል ቆሟል። ስሙን አስተውሉ፤ “አል-ሙደይና” ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትንሿ የተመሸገች ከተማ ማለት ነው። ከካቴድራሉ ቁልቁል ሲወረድ የድሮው ግንብ ቅሪት ይገኛል። ሥሩ ያለች ትንሽ መናፈሻም በአሚሩ ስም ትጠራለች።

ታላቁ መናፈሻ ግን ሬቲሮ ነው። ከ100 ሄክታር በላይ ይሰፋል፤ ሰው በጀልባ የሚንሸራሸርበት ሐይቅም አለው። በ1630ዎቹ ለንጉሥ ፊሊፕ 4ኛ መዝናኛ ተብሎ ተሠራ፤ ለሕዝብ የተከፈተው ከ1868 አብዮት በኋላ ነው። ይህ ንጉሥ የማን ልጅ ነው? ከ1609 እስከ 1614 ሞሪስኮዎችን፣ ማለትም ተገደው የተጠመቁትን የሙስሊሞች ልጆች፣ ከስፔን ያባረረው የፊሊፕ 3ኛ ልጅ ነው። በዚያ ዛፍ ጥላ ሥር የሚቀመጥ ሰው ይህንንም ቢያውቅ መልካም ነው።

ወንድሞችና እህቶች! ያ ግንብ ከተማዋን ለሙስሊሞች ያቆየው ከ200 ዓመት ብዙም ላልበለጠ ጊዜ ነው። ቶሌዶ በ1085 በአልፎንሶ 6ኛ እጅ ስትገባ፣ መጅሪጥም በዚያው ሰሞን ሄደች። ውኃው ግን አልሄደም። ከመሬት በታች ቦይ ቆፍሮ የከርሰ ምድር ውኃን በተዳፋት የማምጣት ጥበብ በዚያው ቀረ። ማድሪድ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በዚህ ዓይነት ቦይ ስትጠጣ ኖራለች። ድል ያደረገውም ጠጣ፣ ልጁም ጠጣ።

ዕውቀቱም እንዲሁ አልሄደም። የዚህች ከተማ ልጅ መስለማ አል-መጅሪጢ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበሩ። የአል-ኸዋሪዝሚን የከዋክብት ሰንጠረዥ ለቁርጡባና ለሒጅራ አቆጣጠር እንዲስማማ አስተካክለው ጻፉት። ሥራቸው በኋላ ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓውያን ተምረውበታል።

ስለ አንደሉስ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናለቅሰው ለጠፋው ሥልጣን ነው። ማድሪድ የምታሳየን ግን ሌላ ነው። ሥልጣን ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ ሰውን የጠቀመ ሥራ ይቀራል። ሰደቀቱል ጃሪያ ስንል ከዚህ የተሻለ ምን ምሳሌ አለ? እኛስ በየከተማችን፣ የማያውቁን ሰዎች እንኳ ነገ የሚጠጡበት ምን ቆፍረናል?

ወላሁ አዕለም።