መርዙ በሃይላንድ፣ ሕጉ በወረቀት

የደጋው ገበሬ ገብሱንና ስንዴውን ጎተራ ካስገባ በኋላ ዋናው ጠላቱ ነቀዝ ነው። ለዚህም ማላታይን ዱቄት ወይም በተለምዶ ፎስቶክሲን የሚባለውን የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን ይጠቀማል። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ማርከሻም የለውም። እህሉ ቤተሰቡ በሚተኛበት ቤት ከተቀመጠ አደጋው የነቀዙ ብቻ አይሆንም። በቆላው በመተማና በቋራ ደግሞ ሰሊጥና ጥጥ በመድኃኒት ይረጫል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የተካሄዱ ጥናቶች ለመመረዝ ምክንያት ከሆኑት ነገሮች በግንባር ቀደምነት የሚጠቅሱት ኦርጋኖፎስፌት የተባሉትን ፀረ ተባዮች ነው።

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ለሁሉም ሰው ያረጋግጣል። አገራችን የሮተርዳምንና የስቶክሆልምን ስምምነቶች በ1994 ዓ.ም. አጽድቃለች። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ ወደ አገር እንዳይገባና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ምዝገባው ዛሬ የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ሥራ ነው።

እንግዲህ ሕግ የለም ማለት አይቻልም። ክፍተቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ምዝገባው የሚመለከተው ኬሚካሉ ወደ አገር ሲገባ ያለበትን ሁኔታ ነው። ከዋናው ዕቃ ተቀንሶ፣ ያለ ጽሑፍና ያለ ምልክት፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ሲቸረቸር ግን ሕጉ ሩቅ ነው። ሕፃኑ ጠርሙሱን እንደ ውኃ ያነሳዋል። በድንገተኛ ክፍል ያለው ሐኪምም ሕመምተኛው የጠጣውን አያውቅም። የኦርጋኖፎስፌት መመረዝ በአትሮፒን ይታከማል፤ ለፎስፋይድ ግን ይህ አይሠራም። ስለዚህ የጠርሙሱ መለያ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

የቸልተኝነትን ዋጋ አገራችን ታውቀዋለች። ጊዜ ያለፈባቸው ፀረ ተባዮች በየመጋዘኑ ተከማችተው በ1990ዎቹ ከ1,500 ቶን በላይ የሚሆነው ተጭኖ በፊንላንድ እንዲቃጠል ተደርጓል።

የሌላው አገር ልምድ ተስፋ ይሰጣል። ስሪላንካ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ እጅግ አደገኛ የሆኑትን ፀረ ተባዮች በየተራ አገደች። በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ ራስን የማጥፋት መጠን በ70 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ የእርሻ ምርቱም በእገዳው ምክንያት አላሽቆለቆለም። በጭንቀት ሰዓት እጅ ላይ ያለው ነገር ገዳይ ካልሆነ ብዙ ሰው ይተርፋል ማለት ነው።

በእኔ እምነት የሕግ ማሻሻያው ሦስት ነገሮችን ቢይዝ ይበጃል። አንደኛ፣ እጅግ አደገኛ የሆኑትን በጊዜ ሰሌዳ ከገበያ ማስወጣትና ለጎተራ ሌላ አማራጭ ማቅረብ፤ አየር የማያስገባው የእህል ከረጢት አንዱ ነው። ሁለተኛ፣ ቀንሶ መሸጥን በግልጽ ወንጀል ማድረግና አስመጪው በአማርኛና በሌሎች የአገር ቋንቋዎች የተጻፈበት አነስተኛ እሽግ እንዲያቀርብ ማስገደድ። ሦስተኛ፣ ሆስፒታሎች የመመረዝ መረጃቸውን ለመዝጋቢው አካል እንዲያሳውቁና የምዝገባ እድሳት በዚያ መረጃ ላይ እንዲመሠረት ማዘዝ።

እስከዚያው አንድ በር ክፍት ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው አካባቢን በሚጎዳ ሰው ላይ አቤት እንዲል ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ይህን መብት የምናውቀው እኛ የተማርነው ነን፤ መርዙ ያለው ግን በገበሬው ጎተራ ነው።