ወጌሻና ሐኪም በወላይታ ሶዶ፦ የአጥንት ሕክምና ትምህርት ታሪክ

ወጌሻ ሙያውን በአብዛኛው የሚወርሰው ከአባቱ ወይም ከቅርብ ዘመዱ ነው። ለዓመታት አጠገቡ ተቀምጦ ያያል፣ የተጎዳውን በእጁ ይዳስሳል፣ ስብራትን በስንጥር ደግፎ ማሰርን ይለምዳል። መብቃቱን የሚመሰክርለት የመንደሩ ሰው ነው። በ1948 የወጣው አዋጅ ቁጥር 100 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጉዳት እስካላስከተለ ድረስ ባህላዊ ሕክምናን አልከለከለም። ፈቃዱ ግን ትምህርት ይዞለት አልመጣም።

ኤስ.አይ.ኤም የተባለው የፕሮቴስታንት ድርጅት ሚሲዮናውያን ሶዶ የደረሱት በ1928 ነው፤ ሕክምናንም ከስብከታቸው ጋር ጀመሩ። ቀደም ሲል በሶዶ የሠሩት ቀዶ ሐኪም ሃሮልድ አዶልፍ ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመልሰው የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልን አቋቋሙ፤ ሥራ የጀመረውም በ2005 ነው። ዛሬ እዚያ የሕክምና ዶክትሬት የያዘ ሐኪም ቀዶ ሕክምናን አምስት ዓመት ይሠለጥናል።

2005 ለዚህ ታሪክ ሌላም ትርጉም አለው፤ እንደ ወጌሻ ሙያ ከሐኪሞች ውጭ የተጀመረ ሌላ የእጅ ሕክምና የሥልጠና መለኪያ ያገኘበት ዓመት ነው። ካይሮፕራክቲክን፣ ማለትም አከርካሪንና መገጣጠሚያን በእጅ የማከም ሙያን፣ በ1895 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት የጀመረው ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር ሐኪም አልነበረም፤ ያለ ፈቃድ አክመሃል ተብሎ በ1906 ታስሯል። ካንሳስ በ1913 ሙያውን በሕግ አወቀች። በ2005 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ አወጣ፦ ካይሮፕራክተር ለመሆን በአራት ዓመት የሙሉ ጊዜ ትምህርት ከ4,200 ያላነሰ ሰዓት፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ 1,000 ሰዓት በአሠልጣኝ ክትትል ሥር ሕመምተኛ ማከም ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ የማደንቀው፣ ሠልጣኙ እጁን መሰብሰብ ያለበትን ጊዜ እንዲያውቅ ማስገደዱን ነው፤ አዲስ የተሰበረ አከርካሪ በእጅ ኃይል አይነካም።

ወጌሻ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። አጥብቆ ያሰረው ስንጥር ደም ይዘጋል፣ ሥጋው ይሞታል፣ እጅ ወይም እግር ይቆረጣል። ብዙ ጊዜ የተጎዳው ሕፃን መሆኑ ያንገበግባል። በዚያው በ2005 የኢትዮጵያዊው ቀዶ ሐኪም የመኮንን እሸቴ ጥናት በብሪታንያ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ ታተመ። ለወጌሾች የአንድ ቀን ትምህርት ከተሰጠ በኋላ፣ በጠበቀ ስንጥር ሳቢያ የሚቆረጡ እጅና እግሮች ቁጥር ቀንሶ ተገኘ። አንድ ቀን ብቻ!

ሶዶ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ሆስፒታልም፣ የቀዶ ሕክምና አሠልጣኞችም አሏት። የዞኑ ጤና መምሪያ ወጌሾችን ጠርቶ ከእነዚህ መምህራን ፊት ያስቀምጣቸው።