የአሮጌ ማቀዝቀዣ ዕድሜና እድሳት

አንድ አሮጌ ማቀዝቀዣ ለእድሳት ሲቀርብ ባለሙያው አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ «መቼ ተሠራ?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ የጥንት ዕቃ ሰብሳቢዎች ጉጉት ብቻ አይደለም። በቧንቧው ውስጥ ምን ዓይነት ጋዝ እንዳለ፥ በሩ እንዴት እንደሚዘጋና ሽቦው ምን ያህል እንደሚታመን የሚታወቀው ከመልሱ ነው። በማቀዝቀዣ ታሪክ አንዱን ዘመን ከሌላው የሚለየው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ አንድ አደጋ የታወቀበትና መፍትሔ የተፈለገለት ምልክት ነውና። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ በ1927 ለገበያ ያቀረበው «ሞኒተር ቶፕ» ነው። ይህን ቅጽል ስም ያገኘው በካቢኔው አናት ላይ የተቀመጠው ክብ ማሽን በ1862 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጋችውን «ሞኒተር» የተባለች የጦር መርከብ የመድፍ ማማ ስለሚመስል ነው። ቀደም ባሉት ብዙ ማቀዝቀዣዎች ሞተሩ ኮምፕረሰሩን የሚያዞረው በቺንጋ ስለነበር፥ ዘንጉ ከኮምፕረሰሩ በሚወጣበት በኩል ጋዝ ይሾልክ ነበር። ትውልደ ዴንማርካዊው መሐንዲስ ክርስቲያን ስቴንስትሩፕ ከፍተኛ ድርሻ የነበረው አዲሱ አሠራር ግን ሞተሩንና ኮምፕረሰሩን በአንድ የታሸገ ዕቃ ውስጥ በማድረግ ይህን በር ዘጋ። ስለሆነም ቺንጋ ያለውና የታሸገ ማሽን ያለው ማቀዝቀዣ ገና ከሩቁ ይለያያሉ።

ሁለተኛው ምስክር ጋዙ ነው። የመጀመሪያዎቹ «ሞኒተር ቶፕ» ማቀዝቀዣዎች የሚሠሩት በሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነበር። ይህ ጋዝ መርዛማ ቢሆንም፥ የሚያፍነው ሽታው ሰውን አስቀድሞ ስለሚያስጠነቅቅ ቤተሰቡ ሸሽቶ ለመውጣት ጊዜ ያገኛል። በሌሎች ማሽኖች ይሠራበት የነበረው ሜቲል ክሎራይድ ግን ሽታው እምብዛም ስለማይታወቅ፥ በ1929 በቺካጎ ከተማ ሰዎችን በየቤታቸው ለሞት ዳርጓል። ቶማስ ሚጅሊና ባልደረቦቹ በ1928 ያገኙትና በ1930 ለሕዝብ የተገለጸው ፍሪዮን የማይመርዝና የማይቃጠል በመሆኑ ይህን ሥጋት አስወገደ። ሆኖም ሞሊናና ሮውላንድ በ1974 እንዳስረዱት፥ ይኸው ዓይነት ጋዝ የኦዞንን ንጣፍ የሚጎዳ ሆኖ ተገኘ፤ በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነትም ምርቱ ደረጃ በደረጃ እንዲቀር በር ከፈተ።

ሦስተኛው ምስክር በሩ ነው። የቀድሞዎቹ በሮች ከውጭ ብቻ በሚከፈት መቀርቀሪያ ስለሚዘጉ፥ በተጣሉ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ሲጫወቱ የገቡ ሕፃናት ታፍነው ሞተዋል። በአሜሪካ በ1956 የወጣው ሕግ ከጥቅምት 30 ቀን 1958 ጀምሮ የሚሠራ የቤት ማቀዝቀዣ ሁሉ ከውስጥ የሚከፈት እንዲሆን አስገደደ። ማግኔት ያለው የበር ጎማም የተስፋፋው ከዚህ በኋላ ነው።

ከእነዚህ ምስክሮች ጋር የስም ሰሌዳውን ማንበብ ያስፈልጋል። በሰሌዳው ላይ ከተመዘገቡት የፈጠራ መብት ቁጥሮች የመጨረሻው፥ ማሽኑ ከዚያ ዓመት በፊት እንዳልተሠራ ያስረዳል። ነገር ግን በረዥም ዘመን ውስጥ በር፥ ሞተር ወይም ማሽኑ በሙሉ ሊለወጥ ስለሚችል፥ አንድ ምልክት ብቻውን አይታመንም፤ ሁሉም ሊስማሙ ይገባል።

ወደ እድሳቱ ሲመጣ የመጀመሪያው ደንብ የታሸገውንና የሚሠራውን ማሽን አለመክፈት ነው። በሰልፈር ዳይኦክሳይድ በሚሠራ ማሽን ውስጥ እርጥበት ቢገባ አሲድ ተፈጥሮ ብረቱን ይበላዋል፤ የሚወጣውም ጋዝ ሠራተኛውን ይጎዳል። የደረቀውና የተሰነጣጠቀው ሽቦ ግን መለወጥ፥ የመሬት መስመርም መጨመር አለበት። ለ110 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ የአሜሪካ ማሽን ኢትዮጵያን በመሰለ ባለ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ አገር በቀጥታ ከተሰካ ሞተሩ ይቃጠላል፤ ትራንስፎርመርም ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ለእይታ ብቻ የሚቀመጥ ከሆነ መቀርቀሪያው እንዳይቆልፍ ይደረግ፤ የወለቀው ክፍል ግን ይቀመጥ እንጂ አይጣል። የስም ሰሌዳውም በቀለም አይሸፈን።

ዛሬ በብዙ የቤት ማቀዝቀዣዎች ውስጥ የሚገኘው አይሶቡቴን ተቀጣጣይ ጋዝ ነው። ሙያው ኦዞንን ለማዳን ሲል የቀድሞውን ሥጋት በልክና በጥንቃቄ መልሶ ተቀብሎታል። እንግዲህ አሮጌውን ማቀዝቀዣ አስውቦ ምልክቶቹን የሚያጠፋ አዳሽ ከቀለሙ በታች የሚቀብረው የአንድን ዕቃ ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ ሙያው በሰው ሕይወት ዋጋ የተማረውንም ትምህርት ጭምር ነው።