እንገር

እንገር እናት ወይም ላም እንደወለደች የምትሰጠው፣ ወፈር ያለና ወደ ቢጫ የሚያደላ የመጀመሪያ ወተት ነው። የላም እንገር እሳት ላይ ሲጣድ ቶሎ የሚረጋው ፕሮቲን ስለበዛበት ነው። የዚህ ፕሮቲን ትልቁ ድርሻ አንቲቦዲ፣ ማለትም በሽታ ተከላካይ ነው።

የላም የእንግዴ ልጅ አንቲቦዲ አያሳልፍም። ስለዚህ ጥጃ በተወለደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንገር ካልጠባ ለበሽታ ይጋለጣል። የሰው ልጅ ግን ሁለት መንገድ አለው፦ አይጂጂ የሚባለው አንቲቦዲ በተለይ በእርግዝና መጨረሻ ወራት በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ደም ይገባል፤ አይጂኤ ደግሞ ከእንገሩ ጋር ወርዶ የሕፃኑን አንጀት ይጠብቃል።

ጀርመናዊው ሐኪም ፖል ኤርሊክ የእናት መከላከያ በወተት ወደ ልጅ እንደሚያልፍ በ1892 እ.ኤ.አ. በአይጦች አሳይቷል። ዛሬ ነፍሰ ጡሮች የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የሚወስዱት፣ አንቲቦዲያቸው በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ስለሚያልፍ፣ እትብት በተቆረጠበት ቁስል ከሚገባው በሽታ ጨቅላውን ጭምር ለማዳን ነው። ኢትዮጵያም የእናቶችንና የጨቅላዎችን መንጋጋ ቆልፍ ማስወገዷ በ2017 እ.ኤ.አ. ተረጋግጦላታል።

ከእናት የሚወረሰው መከላከያ ግን አንድ ችግር አለው። ከእናት የመጣው የኩፍኝ አንቲቦዲ ገና በልጁ ደም ውስጥ ሳለ ክትባት ቢሰጥ፣ የክትባቱን ቫይረስ ያመክነዋል፤ የልጁ አካልም የራሱን መከላከያ በሚገባ አያመርትም። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር የሚሰጠው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

የእናት እንገር ይህን ያህል ቢጠቅምም፣ በአንዳንድ አካባቢዎች «ቆሻሻ ነው» እየተባለ ታልቦ ይደፋል፤ ይህ ያሳዝናል። እናቶች ሆይ፣ እንገሩን አትድፉት፤ በተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ልጃችሁን አጥቡት።