የፋራዳይ ቀለበትና የኮላዶን እግር

ዲናሞ ጠቅላይ ነኝ። የተቃጠለ የውሃ ፓምፕና የወፍጮ ሞተር ይመጣልኛል፤ አሮጌውን ሽቦ ነቅዬ አዲስ እጠቀልላለሁ። ስለዚህ ማይክል ፋራዳይ ኤሌክትሪክን ከማግኔት ያገኘበትን ታሪክ ሳነብ ቀድሞ ዓይኔን የሚስበው የአጠቃለሉ ነገር ነው።

ኦገስት 29 ቀን 1831 እ.ኤ.አ.፣ ለንደን፣ ሮያል ኢንስቲትዩሽን። ቀለበቱ ከለስላሳ ብረት የተሠራ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር 6 ኢንች። ዛሬ ከሱቅ የምንገዛው ቫርኒሽ የለበሰ ሽቦ ያኔ የለም፤ የፋራዳይ መዳብ ራቁቱን ነው። እንዳይነካካበት በየዙሩ መሀል ሲባጎ አስገባ፣ በየድርቡ አቡጀዲ አለበሰ። በአንዱ ጎን 72 ጫማ፣ በሌላው 60 ጫማ ያህል፤ ያውም በእጅ! ሰውየው በልጅነቱ መጽሐፍ ጥረዛ የተማረ ነውና ጨርቅና ክር ለእጁ ባዳ አልነበሩም። እኔ የግኝቱን እኩሌታ ለዚያ እጅ እሰጣለሁ።

አንደኛውን ጥቅል ከባትሪ አገናኘ። ከሌላው ጥቅል የወጣው ሽቦ በማግኔት መርፌ ላይ ያልፋል። መርፌው ዘለል አለ፣ ተወዛወዘ፣ ወደ ቦታው ተመለሰ። ባትሪው ሲላቀቅ እንደገና ተነቃነቀ። በመሀሉ ምንም፤ ኤሌክትሪኩ የሚወጣው በለውጡ ቅጽበት ብቻ ነው።

ኧርስቴድ በ1820 ኤሌክትሪክ የያዘ ሽቦ መርፌ እንደሚያዞር ካሳየ ወዲህ፣ ማግኔት ከሽቦ አጠገብ ቢቀመጥ የማያቋርጥ ኤሌክትሪክ ይሰጣል ብለው የጠበቁ ብዙ ነበሩ። ጄኔቫ ላይ ኮላዶን በ1825 ማግኔት ወደ ጥቅል አስገብቶ ሞክሮ ነበር። ማግኔቱ መለኪያውን በቀጥታ እንዳይረብሸው ብሎ መለኪያውን ሌላ ክፍል አኖረው። ረዳት የለውም፤ ማግኔቱን አስገብቶ፣ ተራምዶ ሄዶ እስኪያይ መርፌው ረግቷል። ሰው ይስቅበታል፤ እኔ ግን አዝንለታለሁ፤ የጎዳው ጥንቃቄው ነው።

ፋራዳይ ግን በዚያው በ1831 ኦክቶበር 28 በትልቅ ማግኔት ዋልታዎች መሀል የመዳብ ዲስክ አሽከርክሮ ሳይቋረጥ የሚፈስ ኤሌክትሪክ አወጣ። በ1832 ፓሪስ ውስጥ ፒክሲ በእጅ የሚዞር ጄኔሬተር ሠራ።

ከማግኔት የሚወጣው ኤሌክትሪክ ታዲያ ሽቦና ደፍን ብረት አይለይም። ማግኔቱ በተለዋወጠ ቁጥር ደፍኑም ብረት ውስጥ ይዞራል፣ ያግለዋል፤ ፎኮ በ1855 በሚሽከረከር የመዳብ ዲስክ አሳይቶታል። የሞተር ብረት ከስስ ቆርቆሮ ተደራርቦ፣ በየመሀሉ ተቀብቶ የሚሠራው ለዚህ ነው። የከሰለ ሽቦ ለማውጣት ቸኩሎ ብረቱን በሞረድ የሚፍቅ ሠራተኛ ቆርቆሮዎቹን እርስ በርስ ያገናኛቸዋል። ጥቅለላው የቱንም ያህል ቢያምር ሞተሩ ጭነት ሳይዝ ይግላል፤ ደንበኛውም በሳምንቱ ተሸክሞት ይመጣል።