ከምክርና ከመከራ መካከል፦ ወጣቱን ወደ ጤናው «ጎሸም» ስለማድረግ

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል የአገራችን ሰው። ወጣቶችን ከሲጋራ፣ ከመጠጥና ከማይበጅ ምግብ ለማራቅ ስንሞክር የኖርነውም በዚሁ መንገድ ነው። በክፍል ይመከራሉ፣ በፖስተር ይመከራሉ፤ አልሰማ ካሉ ነገሩ ለሐኪም ወይም ለፖሊስ ይተዋል። በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ የሚሉት የቢሄቪየራል ኢኮኖሚክስ ሊቃውንት ናቸው።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

የተለመደው ኢኮኖሚክስ ሰውን ጥቅሙንና ጉዳቱን አስልቶ የሚወስን ፍጡር አድርጎ ያየዋል። እስራኤላውያኑ የሥነ ልቦና ምሁራን ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ ግን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት ሰው ከዚህ ስሌት በተደጋጋሚ እንደሚያፈነግጥ አሳዩ። ለምሳሌ 100 ብር ማጣት የሚያሳዝነንን ያህል 100 ብር ማግኘት አያስደስተንም። ካህነማን በ2002፣ ይህንኑ መስክ ያስፋፉት ሪቻርድ ቴለር ደግሞ በ2017 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ቴለር ከሕግ ምሁሩ ካስ ሰንስቲን ጋር በ2008 ያሳተሙት መጽሐፍ «ነጅ» ይባላል፤ በእኛው አማርኛ በክርን ጎሸም ማድረግ ማለት ነው። ጎሸም አይከለክልም፣ አይቀጣም፤ አማራጮቹ የሚቀርቡበትን መንገድ ብቻ ይለውጣል።

ወጣቱ ላይ ትኩረት የሚደረገው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የዛሬ ደስታ ከሃያ ዓመት በኋላ ከሚመጣ የሳንባ በሽታ ይልቅ ይጎላበታል። ሁለተኛ፣ እኩዮቹን ያያል፤ ያውም አሳስቶ ያያል። በአሜሪካ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተደርጎ በ1993 የታተመ ጥናት፣ ተማሪዎች ጓደኞቻቸው ከእነርሱ ይልቅ መጠጥን የሚቀበሉ ይመስላቸው እንደነበር አሳይቷል። ሁሉም በልቡ እየተጠራጠረ፣ ሌላው የተስማማ ስለሚመስለው አብሮ ይጠጣል።

ምን ተሞከረ? ምን ተገኘ?

በምዕራብ ኬንያ ኢኮኖሚስቷ ፓስካሊን ዱፓ ባደረጉት ሙከራ፣ ለልጃገረዶች «ከወሲብ ታቀቡ» ከማለት ይልቅ በዕድሜ የገፉ ወንዶች ከእኩዮቻቸው ወጣቶች ይበልጥ በኤች አይ ቪ የተያዙ መሆናቸው በቁጥር ተነገራቸው። በ2011 በታተመው ውጤት መሠረት የልጃገረዶቹ እርግዝና በ28 በመቶ ቀነሰ። መምህራንን በመታቀብ ላይ ብቻ በተመሠረተው ሥርዓተ ትምህርት ማሠልጠኑ ግን በእርግዝናው ላይ ለውጥ አላመጣም። መረጃው ሊጠቀሙበት በሚችሉት መልክ ሲቀርብ ሥራ ሠራ።

በአሜሪካ ዩታ ግዛት በ40 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ በምሳ ሰዓት ፍራፍሬ ወይም አትክልት ለበላ ልጅ የ25 ሳንቲም ዋጋ ያለው ምልክት ይሰጠው ነበር። ልጆቹ በሉ፤ ሽልማቱ ከቆመ በኋላም ልማዱ በከፊል ቀጠለ። ሽልማቱ ረዘም ላለ ጊዜ በተሰጠባቸው ትምህርት ቤቶች ደግሞ ይበልጥ ጸና።

በፊሊፒንስ አጫሾች በፈቃዳቸው ለስድስት ወር በባንክ ገንዘብ እንዲያስይዙና በሽንት ምርመራ ማጨሳቸው ከታወቀ ገንዘቡን እንዲያጡ ቀረበላቸው። ውሉን የፈረሙት 11 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሆኖም ከዓመት በኋላ በተደረገ ምርመራ፣ ዕድሉ የቀረበላቸው ሰዎች ካልቀረበላቸው በሦስት የመቶኛ ነጥብ ያህል ይበልጥ ሲጋራ ትተው ተገኝተዋል። ዕቁብ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ዕቁብተኛ ነገ እንዳይሰንፍ ዛሬ ራሱን በሰው ፊት ያስራል።

ልኩን ማወቅ

ይሁን እንጂ ጎሸም ተአምር አይሠራም። ስለ ትምህርት ቤት ካፍቴሪያ አደረጃጀት ብዙ የተጠቀሱት የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ብራያን ዋንሲንክ፣ ዩኒቨርሲቲው በ2018 የምርምር ሥነ ምግባር ጥሰት ፈጽመዋል ብሎ ሲወስን በርካታ ጥናቶቻቸው ከመጽሔቶች ተሰርዘዋል። ስቴፋኖ ዴላቪኛና ኤሊዛቤት ሊኖስም በ2022 ባሳተሙት ጥናት፣ በምሁራን መጽሔቶች የወጡ ሙከራዎች በአማካይ የ8.7 የመቶኛ ነጥብ ለውጥ ሲያሳዩ፣ በአሜሪካ ያሉ ሁለት ትልልቅ ተቋማት በተግባር ያካሄዷቸው 126 ሙከራዎች ያመጡት 1.4 ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ትንሽ ነው፤ ወጪው ግን አነስተኛ በመሆኑ አይናቅም።

ትልቅ ለውጥ የሚገኘው ጎሸሙ ከሕግ ጋር ሲጣመር ነው። ቺሊ ከ2016 ጀምሮ ስኳር፣ ጨውና ስብ የበዛባቸው ምግቦች ጥቁር ባለ ስምንት ማዕዘን ምልክት እንዲለጠፍባቸው አደረገች። ምልክቱ ያለባቸው ምግቦች በትምህርት ቤት እንዳይሸጡ፣ ለልጆችም እንዳይተዋወቁ ከለከለች። ከዚያ በኋላ ስኳር የበዛባቸው መጠጦች ግዢ በ24 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ ተመራማሪዎች ዘግበዋል።

ሕጉና ሱቁ

በእኛ አገር የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራም አልኮልም መሸጥን ይከለክላል፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የአልኮል ማስታወቂያን አስቀርቷል፤ የሲጋራ ፓኬት ላይም ሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ እንዲኖር ያዛል። ነገር ግን ሱቅ በደረቴው ሲጋራን በፍሬ ሲሸጥ ማስጠንቀቂያው ፓኬቱ ላይ ይቀራል፤ ወጣቱ እጅ የሚገባው ሲጋራው ብቻ ነው። ዋጋውም ተሸንሽኖ ሲቀርብ ጉዳቱ የቀለለ ይመስላል። ቁጥጥሩ መጀመር ያለበት ከዚህ ይመስለኛል።

«ታዲያ መንግሥት በልጆቻችን አእምሮ ይጫወት?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ያልተደራጀ ምርጫ የለም። ለስላሳውን በዓይን ትይዩ፣ ከረሜላውን ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ ያስቀመጠው ሰው ወጣቱን ቀድሞ ጎሽሞታል። ልዩነቱ ነጋዴው የሚጎሽመው ለራሱ ትርፍ መሆኑ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቶችና ጤና ቢሮዎች ይህን መሣሪያ ሲይዙ ሦስት ግዴታ ሊጣልባቸው ይገባል፦ አሠራሩ ለወላጅና ለተማሪ በግልጽ ይነገር፤ እምቢ ማለት ቀላል ይሁን፤ ውጤቱ ተለክቶ ይፋ ይደረግ። ይህን የማያሟላ ጎሸም በጤና ስም የሚደረግ ማባበል ነው።